እንግዳዋ ዝም ያለች ዕለት

ጥቅምት 8

ዛሬም ኔትወርክ የለም። ቢሮውን ጠረግሁ። ቢሮ ማለት... አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ ያምና ካላንደር። የጎረቤት ድመት ደግሞ የሰፈፉ ባልዲ ውስጥ ገብታ አገኘኋት፤ እስከ አንገቷ ሰምና ማር። ይዤ አጠብኳት። ክንዴን ቧጨረችኝ። የጥድ ዋሻ ንብ አናቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ምን ስትሠራ ትውላለች ቢሉኝ... ድመት ታጥባለች።

ስድስት ዓመት አስጎብኚ ነበርኩ። ቱሪስት ሲጠፋ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። አሁን እንግሊዝኛዬ ማር መሸጫ ሆነ። ቅር አላለኝም፤ ትንሽ ብቻ።

ከሰዓት ከሆቴሎቹ በላይ ያለውን ጉብታ ወጣሁ፤ እዚያ አንዳንዴ ኔትወርክ ይይዛል። የኪርስቲ ኢሜይል ገባ። ማራችንን ልትገዛ ያሰበችው የፊንላንድ ነጋዴ። ሁለት መስመር! «ሰኞ እመጣለሁ። ቀፎዎቹን ማየት እፈልጋለሁ።» አለቀ። እንደምን ሰነበታችሁ የለ፣ ጤና የለ፣ ክረምቱ እንዴት አለፈ የለ። ምን አጥፍቼ ይሆን?

ለአባዬ ነገርኳቸው። ግቢያችን ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ንባብ ሲያስተምሩ ነበር። ቀና ብለው «ብራና አጥሯት ይሆናላ» አሉኝ። መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ ሲቀልዱ ፊታቸው አይንቀሳቀስም።

ጥቅምት 11

ጥድ ዋሻ ደርሰን ተመለስን። እስከ መንገዱ መጨረሻ በመኪና፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር። ኪርስቲ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ረጅም ናት፤ አቀበቱን ሳታወራ ወጣችው። እኔ ሳወራ ሳለከልክ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ አረጋ መደቡ ላይ አዲስ ጋቢ አንጥፈው ጠበቁን። ገና ጊዜው ሳይደርስ ለእሷ ክብር ብለው ከአንድ ቀፎ ማር ቆርጠዋል። አባላቱ ደጁን ሞልተውታል። አያ አረጋ ስለ ልጆቿ ጠየቁ፤ ስለ አገሯ፤ ስለ ዝናቡ፤ ስለ መንገዱ። «ደህና።» «ደህና።» «ደህና።» ከዚያ ደብተሯን አወጣችና ቀጥታ «ስንት ቀፎ አላችሁ?» አለች።

እዚህ ቀፎ አይቆጠርም። የቆጠረ ሰው ንቡ ይሸሸዋል ይባላል፤ ዓይንም አለ። ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት ዞሮ ያያቸዋል እንጂ አንድ፣ ሁለት አይልም። ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አያ አረጋ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እግዜር የሰጠን አለ» አሉ።

ኪርስቲ እኔን ታያለች። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ቆሟል። ወረቀቷ በመስመር የተከፋፈለ ነው፤ «እግዜር የሰጠን አለ» የቱ መስመር ላይ ይገባል? «መቶ ሃያ» አልኳት። ከየት አመጣሁት? አባላቱ ሃያ ሦስት፣ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት... ብቻ መጣ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «እርግጠኛ?» አዎ።

ከዚያ ማሩ በሳህን ቀረበ። ነጭ፣ ከነሰፈፉ። ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች... ዝም አለች። መሬት መሬት እያየች ዝም። አያ አረጋ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ። እትዬ ብርቅዬ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቀፎውን ለብቻቸው የያዙት፣ በር ላይ ውኃ እንደያዙ ቆሙ። ተጋብዞ በልቶ የማይመርቅ እንግዳ እዚህ አገር ማን ያውቃል? ምን ጎደለ? ጭስ ሸተታት? ፀጉር አገኘችበት?

አያ አረጋ ቀስ ብለው «ምን አለች?» አሉኝ።

ምንም አላለችም። እኔ ግን ምን አልኩ... «እንዲህ ያለ ማር በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም፣ ያላችሁን ሁሉ እወስዳለሁ ትላለች።»

ቤቱ በራ። እትዬ ብርቅዬ እልል አሉ። ኪርስቲ ደንግጣ «ምን ሆኑ?» አለች። «ደስ ብሏቸው ነው» አልኳት። ይሄኛው እንኳ እውነት ነው።

ምንም ክፋት የለውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቱሪስትና ቄስ መካከል ቆሜ ያላሉትን ስጨምርላቸው ኖሬ የለ? ማንም ተጎድቶ አያውቅም። እንዲያውም አፍሽ ማር ነው ይሉኛል።

ጥቅምት 21

ውሉ መጣ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ። መቶ ሃያ ቀፎ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ኪሎ። የእሷ ሂሳብ ነው። የእኔ መቶ ሃያ በጥቁር ቀለም ተጽፋ መጣች።

አያ አረጋ ሊፈርሙ ቢሮ መጡ። መነጽራቸው ቤት ቀርቷል። «ሁሉንም ነው አይደል ልጄ?» አሉኝ።

«እንደተባለው ነው» አልኳቸው።

ኅዳር 9

መሐመድኑር ከወልድያ መጣ። በየዓመቱ በአይሱዙው እየመጣ ማሩን የሚወስደው ነጋዴ። አያ አረጋ ቡና ቤት ወስደው ሻይ ጋበዙት፤ ልጆቹን ጠየቁት፤ ግማሽ ሰዓት ስለ ዝናብ አወሩ፤ ከዚያ «ዘንድሮ ለእንግዳዋ ቃል አለብን» አሉት።

መሐመድኑር ወደ እኔ ዞሮ «የፈረንጇ ቃል ተጽፏል?» አለኝ።

«ተጽፏል።»

«ወላሂ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን መንገድ ተዘግቶም በጋሸና ዞሬ እመጣላችሁ ነበር፤ እሱን አትርሱ።» መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ባዶውን። የመኪናው አቧራ ቢሮዬ ድረስ ገባ።

ኅዳር 18

ጥድ ዋሻ መጋዘን፤ ማር ስንመዝን ዋልን። እኔ እጽፋለሁ፣ አያ አረጋ ሚዛኑን ያነባሉ። አምስት ሰዓት ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሞላ። ቀና ስል ሰልፉ ገና እስከ ዋርካው ነው። ገንቦ፣ ጀሪካን፣ ቅል... ቀጠልን። ማታ ላይ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ።

ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ!

«አያ አረጋ፣ ቀፎው ከመቶ ሃያ ይበልጣል እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ማን ቆጠረው ብለሽ?»

ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። ደክሟት ነው አሉና ውኃ ሰጡኝ።

ኅዳር 20

ጉብታው ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ። ጽፌ ማጥፋት፣ ጽፌ ማጥፋት። በመጨረሻ የላክሁት ይሄን ነው፦ «ምርቱ እጅግ ያማረ ነው፣ ገበሬዎቹ ደስተኞች ናቸው፣ ምናልባትም ከተጠበቀው ትንሽ ከፍ ሳይል አይቀርም።»

ይገባታል። ሰው የሆነ ሁሉ ይገባዋል። እኛ ጋ እንዲህ የተባለ ሰው «ምን ያህል ከፍ አለ? ምን ልርዳችሁ?» ይላል።

መልሷ መጣ፦ «ጥሩ።»

ኅዳር 27

እንደገና ጻፍኩ። ገበሬው ተስፋ ማድረጉን፣ ማሩ ማማሩን፣ የእሷ ደግነት እዚህ መወራቱን... ዙሪያ ጥምጥም ሁለት ገጽ። መልስ፦ «ውሉ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው። ደንበኞቼ የጠየቁኝ ያን ያህል ነው። ችግር አለ?»

አለ። አለ ማለት ነው የነበረብኝ። ጣቴ የጻፈው ግን «ምንም ችግር የለም» ነው። ሰው «ችግር አለ?» ሲል «ኧረ ምን ችግር» ይባላል፤ ከዚያ ጠያቂው እንደገና ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ላይ ትናገራለህ። ሁለተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም። እስኪመሽ ጉብታው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

ታኅሣሥ 5

ገበያ። እትዬ ብርቅዬ ቆርቆሮ ተራ ቆመው አገኘኋቸው። ዋጋ ሲጠይቁ፣ በጣታቸው ሲያንኳኩ። «ነይ ልጄ፣ የተማረ ዓይን ይሻላል፣ የቱ ነው የማይዝገው?» መረጥኩላቸው። ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነኝ... ቆሜ ቆርቆሮ መረጥኩላቸው!

ታኅሣሥ 11

ልብስ ሳጥብ አባዬ ከልጆቹ ጋር ናቸው። አንዱ ዳዊቱን በቃሉ ይዞት ኖሮ እንደ ጎርፍ ያወርደዋል፤ ጣቱ ግን ሌላ መስመር ላይ ነው። በአርጩሜያቸው መጽሐፉን መታ አደረጉ። «ያልተጻፈ አታንብብ! ቢያምርም አታንብብ!»

ለልጁ ነው ያሉት። ልብሱን ማሸት ቀጠልኩ። ከሰኞ በፊት ለአባዬ ልነግራቸው አስቤ ነበር... ሰኞ ኪርስቲ ትመጣለች። አልነገርኳቸውም።

ታኅሣሥ 14

 ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ኪርስቲ ስድሳ ባዶ ባልዲ ይዛ መጣች፤ እያንዳንዱ ሃያ ኪሎ የሚይዝ። ሃያ ሦስቱም አባላት መጋዘኑ ደጅ ነበሩ። እትዬ ብርቅዬ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ከጠዋት ጀምሮ ሲሞላ፣ ሲመዘን፣ ሲከደን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ስድሳኛው ባልዲ ተከደነ። ኪርስቲ አንድ በአንድ በእጇ እየነካች ቆጠረቻቸው፤ ብዕሯን ኪሷ ከተተች። ከኋላዋ ገንቦውና ጀሪካኑ ግድግዳውን ሞልቶት እንዳለ ነው።

አያ አረጋ «ሌላው ባልዲ መኪናው ላይ ነው? ልጆቹ ሄደው ያምጡት?» አሉኝ።

ኪርስቲ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ይሄ ሁሉ ማር የማን ነው?» አለችኝ።

ሁለቱም እኔን ያያሉ።

ምላሴ ላይ የነበረውን እዚህ ብቻ ልጻፈው። ለአያ አረጋ፦ «መኪናው ትንሽ ስለሆነባት ነው፣ ተመልሳ ትወስደዋለች።» ለኪርስቲ፦ «የሌላ ማኅበር ነው፣ በአደራ የተቀመጠ።» ሁለቱም ተዘጋጅተው ነበር፤ ሁለቱም ያምሩ ነበር። ማንም አይጣላም፣ ምሳ ይበላል፣ መኪናው ይሄዳል... ከዚያስ?

እትዬ ብርቅዬ ገንቦአቸው እንዳይጠፋባቸው አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስረውበታል። ጥግ ላይ ነበር፤ ከማይወሰዱት መካከል። ክሩን አየሁት።

«አያ አረጋ» አልኩ፣ «እሷ ሁሉንም እወስዳለሁ አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«እንዴት ነው ነገሩ?»

«ያን ለት ማሩን ቀምሳ ዝም ነው ያለችው። አንድ ቃል አልወጣትም። እርስዎ ሲያዩኝ ፈራሁና ከራሴ ጨመርኩ። መቶ ሃያ ቀፎም ያልኳት እኔው ነኝ። ውሉ የተጻፈው በእሱ ነው። የምትወስደው እነዚህን ስድሳ ባልዲ ብቻ ነው።»

ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ደገምኩት።  አያ አረጋ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ፤ ጣራው ሥር ወደተሰቀሉት ቀፎዎች። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ኪርስቲ ድምፅዋን ሳትለውጥ «እርግጠኛ ነሽ ወይ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄሻለሁ» አለች።

«አዎ።»

«በኢሜይልም ችግር አለ ወይ ብያለሁ።»

«አዎ።»

«አለ ማለት ነበረብሽ።»

የቀረውን ልትወስድ ትችል እንደሆነ ጠየቅኋት። ለመንኳት ማለት ይሻላል። «አልችልም። ገዢ ያገኘሁት ለዚህ ብቻ ነው።» ዞሬ ለሰዎቹ እንዳለችው ነገርኳቸው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። እንዴት አጭር ነው! አፌ ባዶ ሆነብኝ።

አያ አረጋ ተመልሰው ገቡ። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም። «በአፍሽ ያስገባሽውን በአፍሽ አውጪው። እዚህ ደጅ የቆመው ሰምቷል። የየቤቱ ሚስት፣ የየቤቱ ልጅ ግን ይህን ማር ተስፋ አድርጎ ነው ያለው። ሃያ ሦስት ቤት ነው። እያንዳንዱ ደጅ ትሄጃለሽ።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ስል እንኳ ሰዎቹ ወደ አያ አረጋ ነው ያዩት፣ ልመን ወይ አልመን እንደሚል ሰው።

ታኅሣሥ 15

ኪርስቲ ወደ አየር ማረፊያ ከመሄዷ በፊት ሆቴሏ አስጠራችኝ። ሰድባ ልትገላግለኝ መሰለኝ። ወንበር ሳበችልኝ።

«ያን ቀን ለምን የተቆጣሁ መሰለሽ?»

«ዝም አልሽ።»

«እየቀመስኩ ነበር።»

አየኋት። «እኛ ቤት» አለች፣ «አባቴ ጥሩ ነገር ሲሰጠን እስኪያልቅ አናወራም። ብናወራ ምግቡን መናቅ ነው። እንዲህ ያለ ማር ቀምሼ አላውቅም።»

ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ፤ የሆቴሉ ሰው ሁሉ እያየኝ። በስሟ ያልኩት ሁሉ ከ«ሁሉንም እወስዳለሁ» በቀር ልክ ነበር ማለት ነው? ያቺ አንዲት ቃል ናት አገር ያጠፋችው? ደግሞስ ልክ መሆኔን በምን አውቄ...

ኪርስቲ እስኪበቃኝ ጠበቀች። መሐረብ አልሰጠችኝም፣ አይዞሽ አላለችኝም። በኋላ «እኔም ሰው ቤት ገብቼ ምን እንደሚጠበቅብኝ አልጠየቅሁም» አለች። «ከርሞ ትክክለኛውን የቀፎ ቁጥር ካገኘሁ እመጣለሁ። ካላገኘሁ አልመጣም።»

የማይቆጠረውን ማን ይቆጥርላታል?

ታኅሣሥ 18

ሦስት ቀን፣ ሃያ ሦስት ደጅ። እግሬ አብጧል።

አንዱ «እኔማ ጠርጥሬ ነበር፣ ፈረንጅ ሁሉን አይወስድም» ብሎ ሳቀ። አንዷ በሩን ዘጋችብኝ። አንደኛው ቤት ውሻ ፈቱብኝ፤ ረስተው ነው ብዬ ልለፈው። አንዲት አሮጊት እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ «ጾም ነው፣ ይቺን ሽምብራ ቅመሺ» አሉኝ። የእሳቸው ከውሻውም ባሰብኝ።

እትዬ ብርቅዬን ለመጨረሻ አስቀረሁ። ፈርቼ ነው። ገንቦአቸው ወደ ቤት ተመልሷል፤ ቀይ ክሩ እንዳለ ነው። መሐመድኑር በኅዳር እዚሁ ደጅ መጥቶ እንደነበር፣ የእሱ ዋጋ ቤቱን ሙሉ ቆርቆሮ እንደሚያለብሰው፣ እሳቸው ግን «ለእንግዳ የተሰጠ ቃል ነው» ብለው እንደመለሱት ነገሩኝ። ቁጣ የለም። እንዲሁ ነገሩኝ።

«አፍሽ ማር ነው ይሉሽ ነበር» አሉ። «ማርማ እኔም ነበረኝ፣ የኔ ልጅ። ካንቺ የፈለግሁት እውነቱን ነበር።»

ይቅር ይበሉኝ አልኩ። «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አሉኝ። እሳቸው ይቅር ማለታቸው ነው ወይስ ለእግዜር መተዋቸው? አልጠየቅሁም። ምን አፍ አለኝ?

ታኅሣሥ 22

ጋሸና። መሐመድኑርን ምግብ ቤት አገኘሁት። «ቁጭ በይ፣ ብይ» አለ። ጾም ነው አልኩት። «ሽሮ አለ።» ጾሜን ለመያዝ ሳይሆን ስላልተዋጠልኝ ተውኩት።

«ቃሉ ተጽፏል ብለሽኝ ነበር።»

«ተጽፎ ነበር። እኔ የተናገርኩት ግን አልተጻፈም።»

«አቦ አንቺ ልጅ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቁርጡን ነገረኝ፦ ከሌላ ቦታ ገዝቷል፤ ከገና በኋላ ይመጣል፤ ሁሉን አይወስድም፤ ዋጋውም የኅዳሩ አይደለም። «ይሄን ነው የምችለው» አለ። «ስትነግሪያቸው ደግሞ እንዳትጨምሪበት።»

ጥር 3

አባዬ ሁሉን ሰምተዋል። ከጥድ ዋሻ አንድ ዲያቆን ነግሯቸዋል።  ዛሬ ጠዋት ልጆቹ ሲሰበሰቡ ከጓዳ ጠሩኝ። «ባንቺዓለም፣ ነይ አንብቢ።»

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው! የሰባት ዓመት ልጆች መካከል ተቀመጥኩ። ዳዊቱን ከፈቱ፤ አርጩሜውን ፊደሉ ላይ አደረጉ። በቃሌ የማውቀው ምዕራፍ ነው፤ እሳቸውም ያውቃሉ። አርጩሜው አንዲት ፊደል ላይ ሲቆም ቆምኩ፤ ሲሄድ ሄድኩ። አንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ልጆቹ ሳቁብኝ።

«ይበቃል» አሉ አባዬ። ቁርስ ሰጡኝ።

ጥር 20

መሐመድኑር መጥቶ ግማሹን ወሰደ። የቀረው ተሸራርፎ ገበያ ይወጣል። ማኅበሩ ትናንት ተሰብስቦ ነበር። አልጠሩኝም።

መስከረም 15

ክረምቱን ሙሉ ደብዳቤ ስጽፍ፣ መጋዘን ስጠርግ። ስብሰባ ላይ አንድ ጊዜም አልተጠራሁም። ከሳምንት በፊት ኪርስቲ ኢሜይል ላከች፦ «በ22 እመጣለሁ። ቁጥሩ አለ?» መለስኩላት። በሕይወቴ የጻፍኩት አጭሩ ደብዳቤ፦ «እስካሁን የለም። እሞክራለሁ። ላይሳካ ይችላል።» ጥያቄዋንና መልሴን ለአያ አረጋ ጽፌ ላክሁላቸው።

ዛሬ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ራሳቸው አያ አረጋ። ከታኅሣሥ ወዲህ ቢሮዬን ረግጠው አያውቁም። አንድ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ... ባቄላ!

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ለየቤቱ ተናግሬ ነበር። ለአንድ ቀፎ አንድ ባቄላ። ሁሉም በየመሐረቡ ቋጥሮ አመጣ፣ አንድ ከረጢት ገባ፣ ተቀላቀለ። የማን ስንት እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ ዓይን የሚያይም የለ።»

«እና ቀፎው ተቆጠረ...»

«ማን ቆጠረ? እኔ አልቆጠርኩም፣ እነሱም አልቆጠሩም። ባቄላ መቁጠር ያንቺ ሥራ ነው።» ዞር ሲሉ ጢማቸው ሥር ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት። ያልተቆጠረች አንዲት ጠረጴዛው ሥር አገኘሁ። ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት።

መስከረም 22

ጥድ ዋሻ። አያ አረጋ «ነይ» ብለው ልከውብኝ ነው የሄድኩት። ከኪርስቲ ጋር በእትዬ ብርቅዬ ደጅ አለፍን፤ ግማሹ ቤት ቆርቆሮ፣ ግማሹ አሁንም ሣር። የሣሩ በኩል ክረምቱን እንዳፈሰሰ ከግድግዳው ላይ ያስታውቃል። ሰላም አልኳቸው። «ደህና ነሽ?» አሉኝ። አምና ቢሆን «የኔ ልጅ» ይጨምሩበት ነበር።

ኪርስቲ ስትገባ ቆማ የአያ አረጋን ልጆች በየስማቸው ጠየቀች። ከወረቀት እያነበበች ነው፤ ግን ጠየቀች። ስለ ዝናቡም፣ ስለ መንገዱም። አያ አረጋ መልሰው ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ምን ነክቷት ነው?» አሉኝ። ሳቄን ዋጥኩት።

ቁጥሩን ሰጠኋት። እንዴት እንደተገኘ ነገርኳት፤ ባቄላውንም። ጻፈችው። ከዚያ እያንዳንዱ ቀፎ ላይ ቁጥር በቀለም ይጻፍ፣ ከባለቤቱ ጋር ፎቶ ይነሣ አለች፤ ገዢዎቿ ይፈልጋሉ።

አያ አረጋ ያላንዳች ማመንታት «አይሆንም» አሉ።

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለእንግዳ አይሆንም ብለው ያውቃሉ?  ምላሴ ላይ ደግሞ መጣ... «ይመክሩበታል፣ ያስቡበታል» የሚል ለስላሳ ነገር። ዋጥኩት። «አይሆንም ይላሉ» አልኳት።

ኪርስቲ ብዕሯን አቆመች። «ለምን?»

«ለምን ትላለች» አልኳቸው።

«የቀፎውን ቁጥር ባለቤቱም አያውቀው፣ እሷ በቀለም ስትጽፈው ንቡ ይሄዳል። ባቄላው ይበቃታል በያት።»

አልኳት። በደብተሯ አንድ ነገር ሰረዘች።

ማሩ በሳህን ቀረበ። ቆረሰች፤ አፏ ውስጥ አደረገች። መሬት መሬት እያየች ዝም አለች። ደጁ ሞልቷል። እትዬ ብርቅዬ በር ላይ ቆመዋል።  አያ አረጋ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ምን አለች?» አሉኝ።

«ምንም አላለችም።»

«ከፍቷት ነው?»

«አላውቅም አያ አረጋ። ስትጨርስ እንጠይቃት።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱ። «ደግ» አሉ፣ «እንግዲያ ትቅመስ።»

እትዬ ብርቅዬ ከበሩ ገብተው አጠገቤ ያለው መደብ ላይ ተቀመጡ። ጠበቅን።